በጌራ ጫካ ዛፍ ስንቆጥር

የማስተር ፕላኑ ግርግር ሰፈራችንን ባመሰበት ዓመት፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ደፍሬ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የምንኖረው ሰበታ ነበር፤ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ግቢ ውስጥ። ቤተሰቤ የአዲስ አበባ ኪራይ አልቀመስ ሲለው ወደዚያ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አባዬ በየማለዳው በሚኒባስ ከተማ ገብቶ ይሠራል። በዚያ ዓመት ግን መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ በማግስቱ ይዘጋል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል፤ ከዚያ የአንዱ ጎረቤት ቤት ለቅሶ ይሆናል። አከራያችን ሽማግሌ የኦሮሞ ገበሬ ነበሩ፤ ግቢው በሙሉ «ኦቦ» ነው የሚላቸው። የእርሻ መሬታቸውን ፋብሪካዎች ከግራና ከቀኝ ወስደውት የቀረቻቸው እኛ የተከራየንባት ግቢና ከጀርባዋ ያለች የጎመን መደብ ናት። ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ የተነገረ ዕለት እንኳ ሬዲዮናቸውን ዘግተው፣ መደቧን አንዴ ዞረው አይተው ነው የገቡት።

እኔ ጂኦግራፊ ተመርቄ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት ነበርኩ። አንድ ቀን ከተማ ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ለደን ጥናት መረጃ ሰብሳቢ፣ ኦሮምኛ የሚችል» የሚል ወረቀት አየሁ። ኦሮምኛዬ ከኦቦ ግቢ የተለቀመ ቢሆንም ለመግባባት አያንስም። ጠያቂዋ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ የዕፅዋት ባለሙያ ነበሩ። ጫካ ታውቂያለሽ ወይ ሲሉኝ ጫካ አጠገብ ነው ያደግኩት አልኳቸው። ያልኩት ከቤታችን በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ነው። እሳቸውም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናዘዝኩም። ሥራው ከጅማ ወዲያ፣ ጌራ ውስጥ፣ ለሁለት ሳምንት ነበር።

አባዬ በዚህ ጊዜ በዚህ መንገድ አትሄጂም አለ። እማዬ ሹራብ ትከምርልኝ ጀመር፤ ያ ፈቃዷ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። አባዬን ያሳመኑት ግን ኦቦ ናቸው። የሚፈራው መንገድ በራችን ላይ እያለፈ ልጅቷን ቤት ማስቀመጥ ከምኑ ያድናታል ብለው ጠየቁት። አባዬ ሻንጣ ሊያወርድልኝ ተነሣ።

በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ማለዳ የጥናቱ ፒካፕ፣ አለቃችን የሆኑት ጠያቂዬ ከፊት ተቀምጠውበት፣ ሰበታ ላይ አነሳኝ። ከኋላ ወንበር አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ እግር ሰውዬ ሜትር ታቅፎ ተኝቷል። ከቡራዩ ነው፤ እሱም እንደኔ መረጃ ሰብሳቢ። ግቤ ቁልቁለት ላይ ነቅቶ የት ደረስን አለኝና መልሴን ሳይሰማ ተመልሶ ተኛ። ስለ እሱ የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ ይህ ሰው ዛፍ ሥር ቢያስቀምጡት ዛፉ ከእሱ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል የሚል ነበር።

ጌራ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ነቃን። ከመኪናው ወርደን በእግር አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ሰማይ ጠፋ። እውነቴን ነው፤ ቀና ስል ቅጠል፣ ከቅጠሉ በላይ ሌላ ቅጠል፣ ከዚያም በላይ ሐረግ የተጠመጠመበት ሌላ ዛፍ። ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል፣ ጫካው ግን ለራሱ እየዘነበ ነበር። መሬቱ እንደ ፍራሽ ይረግባል። ነጭና ጥቁር ጉሬዛዎች ከራሳችን በላይ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወሩ የቡራዩው ልጅ መነጽር በእንፋሎት ታፍኖ ምንም አያይም፤ «ምን አለፈ? ምን አለፈ?» እያለ እጄን ያዘ። ነገርኩት። መነጽሩን ሲጠርግ ሌሎቹ መጡ፣ ሲያጠልቅ አለፉ። እኔ ከሆዴ መሳቅ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ለአምስት ሳምንት አላቆምኩም።

ያረፍነው የሰባ ዓመት ሽማግሌ የማር ሰው ቤት ነው። ቤታቸው እንሰትና ቡና ከቧት ጫካው መሐል ተቀምጣለች። እኛ አባባ እንላቸዋለን። ሚስታቸው ወፍራም ሳቂታ ሴት ናቸው፤ የእኔን የሰበታ ኦሮምኛ ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ወደ ጓዳ ይሮጣሉ። አንድ ቃል በሸዋ እንደምንለው ስናገር ለካ እዚያ ሌላ ትርጉም አለው። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

አለቃችን ሥራውን አሳይተውን፣ ተጨማሪ መሣሪያ ይዤ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብለው በፒካፑ ወደ ጅማ ሄዱ። ሥራው ቀላል ነበር። በገመድ የታጠረች አንዲት ቁራጭ ጫካ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ስሙን፣ ውፍረቱንና ቁመቱን መጻፍ። በመጨረሻ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «በተፈጥሮ የበቀለ»፣ ሌላው «በሰው የተተከለ»። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ዛፍ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይደርስበት ጌተም ነበር። አባባን ይህ በራሱ የበቀለ ነው ወይስ የተተከለ ብዬ ጠየቅኳቸው። በራሱ ነው አሉ። በተፈጥሮ በሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ብዕሬን ሳነሳ፣ እኔ ባልኖር ግን አይኖርም ነበር አሉ። አባታቸው ለቡና ቦታ ሲመነጥሩ በዙሪያው ያለውን ቆርጠው ይህንን የተዉት ንብ አበባውን ስለምትወድ ነው። እሳቸው ደግሞ ሐረግ እንዳያንቀው በየዓመቱ እየወጡ ያጸዱለታል። ሰረዝኩ።

ቀጥሎ የቡና ዛፍ። ይህንንስ ማን ተከለው ስንል ጦጣ ነው አሉ፤ የቀላ ቡና በልቶ ፍሬውን እዚህ ጣለው። የቡራዩው ልጅ ደስ ብሎት፣ ጦጣ ተፈጥሮ ነው፣ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። አባባ ግን አልጨረሱም። ጦጣው የመጣው እሳቸው ለእሱ ብለው ሳይለቅሙ በሚተዉት ዳር ቡና ነው። ችግኙም ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ከዚያ ከጨለማው ነቅለው እዚህ ያዛወሩት ሚስታቸው ናቸው። ሰረዝኩ። ከሥሩ ኮረሪማ ነበረ፤ እሱን ወፍ አመጣው፣ ጥላውን ጌተሙ ሰጠው፣ አረሙን ልጆቻቸው ነቀሉለት። በዚያ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ በእጃችን የነበረው አሥራ አንድ ዛፍና እስኪቀደድ የተፋቀ ወረቀት ነው።

«አባባ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብን» አልኳቸው በመጨረሻ፣ ተስፋ ቆርጬ።

ቅጹን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም። ሁለቱን ሳጥኖች በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ወረቀቱ ጠባብ ነው» አሉ።

ሚስታቸው የነገሩኝ ደግሞ ሌላ ነው። እሳቸው የተዳሩት ከሜዳ አገር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሰማይ አጣሁ ብለው አልቅሰዋል። ባላቸው ከየት እንደሚመጣ በዓይን ስለማይታይ በጆሮ መስማት ተማሩ፤ የማን ቤት ሰው እንደሚጣራ፣ ዝንጀሮ ማሳ እንደገባ፣ ንብ እንደተነሣ ሁሉ ከድምፅ ያውቃሉ። ወሩን የሚቆጥሩት በአበባ ነው፤ የብሳና ማር ጊዜ፣ የጌተም ማር ጊዜ ይላሉ። ልጆቻቸው የተወለዱበት ጊዜም በአበባው ነው የሚነገረው። አሁን ጅማ ገበያ ሲሄዱ ፀሐዩ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ እስኪመለሱ ይቸኩላሉ። «ይኼ ቦሶና ሠርቶኛል» አሉኝ። ቦሶና ጫካ ማለት ነው። ይህንን ሲሉ እንሰት እየፋቁ ነበር፣ ቀናም አላሉ።

አለቃችን በሦስተኛው ቀን አልመጡም። በአራተኛውም አልመጡም። ስልክ የሚሠራው አንድ ሰዓት በሚወጣ ጉብታ አናት ላይ ብቻ ነው። ወጥተን ስንደውልላቸው መንገዱ ከጅማ ወዲህም ከጅማ ወዲያም ተዘግቷል፣ ካላችሁበት አትነቃነቁ አሉን። ቀጥዬ አባዬን አገኘሁት። ሰበታ አውቶቡስ መቃጠሉን፣ ከታች ሰፈር አንድ የማውቀው ወጣት መሞቱን፣ እሱ ሥራ ከቀረ አራት ቀን እንደሆነው ነገረኝ። ኦቦ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ጎረቤቱን ያረጋጋሉ አለኝ። እዚያው ቆዪ፣ ደኅና ነሽ አይደል አለ። ደኅና ነኝ አልኩ፤ ያ ቃል በራሱ አስለቀሰኝ። የቡራዩው ልጅም የራሱ ሐሳብ አለበት። የእሱ እናት ብቻቸውን ቡራዩ ሱቃቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ከጉብታው ስንወርድ ጭቃው ከሥሬ ሸሸ፤ እሱን ያዝኩ፣ እሱ ሐረግ ያዘ፣ ሐረጉ ተበጠሰ። እስከ ወንዙ በተቀመጥንበት ተንሸራተን ወረድን። ታች ስንደርስ ጭቃ ከለበሰው ፊቱ ላይ ሁለት ዓይኖች ብቻ ይታያሉ፤ መነጽሩ እኔ ፀጉር ላይ ነበር። እንባዬ ሳይደርቅ ሆዴ እስኪቆስል ሳቅኩ። ሰው ሲሞት ትስቂያለሽ እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ፣ እንደገና እስቃለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ሁለቱ ሳምንት አምስት ሆነ። ቅጹን መሙላት አልተውንም፤ ግን ሁለቱን ሳጥኖች ባዶ ትተን የእያንዳንዱን ዛፍ ታሪክ በኅዳጉ ላይ መጻፍ ጀመርን። ኅዳጉ ሲሞላ በጀርባው። ጉንዳን ሱሪያችን ውስጥ ገብቶ ሁለታችንም ወረቀት በትነን ስንጨፍር አባባ ቆመው ያዩን ነበር፤ የከተማ ሰው ዝናብ ሲያበቃ የሚያደርገው ነገር መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። የቡራዩው ልጅ በየምሽቱ የጻፍነውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አባባ ያርማሉ፣ ሚስታቸው ባላቸውን ያርማሉ። አባባ ዋንዛውን የተወው አባቴ ነው ሲሉ፣ እሳቸው አይደለም፣ እናትህ ናት፣ ለቅሶ የምትቀመጥበት ጥላ ብላ አስተወችው ይላሉ። በዚያ ክርክር ነው መሰለኝ፣ የቡራዩው ልጅ እኔን አየት አድርጎ ሲስቅ እኔም መልሼ ሳየው የቆየሁት።

አንድ ረፋድ አባባ አዲስ ቀፎ ሊሰቅሉ ተነሡ። ቀፎው በልጥ የተጠቀለለ ረጅም ክብ ነገር ነው፤ በገመድ ተጎትቶ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይጋደማል። ልውጣ ብዬ ለመንኳቸው። ሴት አትወጣም አሉ። ሚስታቸው ከኋላ መጥተው፣ ሴት አትወጣም የተባለው ለማር ነው፣ ይቺ ግን ዛፍ ቆጣሪ ናት አሉ። አባባ ገመዱን አነሡ። ወገቤን በገመድ አሰሩኝ፣ የተበሳ ግንድ መሰላል አቆሙልኝ፣ የትኛውን ሐረግ እንደምይዝና የትኛውን እንደማልነካ ከታች እየጮሁ ይመሩኝ ጀመር። እኔ ራሴ ከአልጋ በላይ ከፍታ ወጥቼ አላውቅም።

ከሌሎቹ ዛፎች በላይ ያለው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ስደርስ ፀሐይ ፊቴን መታኝ። ከሳምንታት በኋላ ሰማይ አየሁ። ጫካው ከላይ ሲታይ እንደ ሌላ አገር ነው፤ ጌተሙ ሁሉ አብቦ ንቡ እንደ ሩቅ መኪና ይጮኻል። ቀስ ብዬ ሳስተውል የዛፎቹ ራሶች እኩል እንዳልተሰራጩ ገባኝ። በእኛ በኩል አንዱ ከአንዱ ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ በመሐላቸው ብርሃን ወደ ቡናው ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ማንም የማይገባበት ጥቅጥቅ ብሎ ጥቁር ነው። ከተራራቁት ዛፎች መሐል ቀጭን ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ አንዱ የእኛ ቤት ነው። የሰው እጅ ከታች ሆኜ ያላየሁት ከላይ ሁሉም ቦታ ታየኝ። በፍርሃት ይሁን በደስታ አላውቅም፣ ሳቅ ጀመረኝ፤ ዛፉን አቅፌ እየሳቅኩ መውረድ አቃተኝ። የቡራዩው ልጅ ከታች ምን ሆነሽ ብሎ አንጋጠጠ። ልክ ያኔ ከእኔ በላይ የነበረ ጉሬዛ ሽንቱን ለቀቀው፤ ቀጥ ብሎ መነጽሩ ላይ። አባባ ገመዱን እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ በሳቅ ፈርሰው ነው። እዚያ ላይ ታስሬ የቀረሁበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እንደ ወረድኩ የቡራዩው ልጅ ፊቱን በቅጠል እየጠረገ፣ ሰበታ ስንመለስ ቤታችሁ ልምጣ ወይ አለኝ። ታጠብና ና አልኩት። የተጫጨነው እንደዚያ ነው።

መንገዱ ተከፍቶ አለቃችን ሲደርሱ ፊታቸው ከስቷል፣ ጅማ ሆቴል ውስጥ አምስት ሳምንት ተቀምጠው ተሰላችተዋል። መጀመሪያ የጠየቁት ቅጾቹን ነው። ሁለቱ ሳጥኖች ባዶ መሆናቸውን ሲያዩ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ ይህ ሥራ አይደለም፣ ተረት ነው አሉ። ሁሉንም ነገ እንደገና ትጀምራላችሁ አሉን። እንቢ ማለት አልቻልንም፤ አብረውን እንዲወጡና የመጀመሪያዎቹን አሥር ዛፎች እሳቸው እንዲሞሉ ብቻ ለመንን።

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። አለቃችን ብዕራቸውን አውጥተው ጌተሙ ሥር ቆሙና አባባን ጠየቁ። አባባ ያንኑ መለሱ። አለቃችን በተፈጥሮ በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ አባባ ቀጠሉ፤ ሰረዙ። ቡናው ጋ ሄዱ። ጦጣው መጣ። ሰረዙ። ኮረሪማው ጋ ወፉ መጣ። አራተኛው ዛፍ ዋንዛ ነበር፤ እዚያ አባባና ሚስታቸው ስለ አባትየውና ስለ እናትየው ክርክራቸውን ገና ሲጀምሩ፣ አለቃችን ሥሩ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታመው መስሎን ሮጥን። እየሳቁ ነበር። እንባቸውን ጠርገው፣ «ይህንን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አሉን።

ከዚያ ማስመሪያ ተቀብለው በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሦስተኛ ሳጥን በእጃቸው አሰመሩ። አጠገቡም «ጫካውና ሰው አብረው ያሳደጉት» ብለው ጻፉ። ከተማ ስንገባ ከቢሮው ጋር ብዙ ተከራከሩ፤ እንዲህ ያለ ዓምድ አይታወቅም ተባሉ። እሳቸው የአባባን ታሪክ ከቅጾቹ ጀርባ አንድ በአንድ አነበቡላቸው አሉ። በቀጣዩ ዙር የታተመው ቅጽ ባለ ሦስት ሳጥን ሆኖ ወጣ። ለእኛም ውላችን ታደሰ።

ሰበታ ስገባ የአውቶቡስ መስኮቶች በመስተዋት ፈንታ ኮምፔንሳቶ ተለብጦባቸዋል። እማዬ አቅፋኝ አለቀሰች፤ አባዬ ክብደት ጨምረሻል አለኝ። ለኦቦ ከጌራ አንድ የኮረሪማ ችግኝ አምጥቼላቸው ነበር። ከጎመኑ መደብ ዳር ሲተክሉት አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ፋብሪካው በቆመበት ቦታ ትልቅ ሾላ እንደነበረ ነገሩኝ። አባታቸው የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ የሚቀመጡት እዚያ ሥር ነው። ዛፉ የተቆረጠ ዓመት ሽማግሎቹ በየቤቱ መቀመጥ ጀመሩ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው አይገባም፣ የገባም ሁሉ አይናገርም። «ዛፉ ብቻ አይደለም የሄደው፤ እርቁም አብሮ ነው የሄደው» አሉ። ኮረሪማው የጥቅምትን ብርድ አልቻለም። ደርቆ ሲያገኙት ግን አልከፋቸውም፤ የማይሆነው ቦታ አልቀመጥም ያለ ብልህ ነው ብለው ሳቁ።

የቡራዩው ልጅ እንደተባለው ታጥቦ መጣ። አባዬ ሥራህ ምንድነው ሲለው ዛፍ መቁጠር አለ። ስንት ቆጠርክ ሲለው ወደ እኔ ዞረ፤ ሁለታችንም አናስታውስም። አባዬ ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ተወው።

እኔ ወደ እናቱ የሄድኩት ከሳምንት በኋላ ነው። አየር ጤና ወርደን፣ አስኮን አልፈን ቡራዩ ስንደርስ ዝናብ ነበር። እናቱ ከሰሜን የመጡ፣ ቃላቸው የተቆጠበ የሱቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው በረሃ ገብቶ ቀረ ብለው ለአምስት ሳምንት ሲጨነቁ ከርመው፣ ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ ሳያስቡ አልቀሩም። በሁለት እጄ የያዝኩትን ፕላስቲክ ዕቃ አቀረብኩላቸው፤ የአባባ ሚስት የላኩልን የጌተም ማር ነው። ምን እንደሆነ ሳልናገር አመሰገኑኝና ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። የጌተም ማር ነጭ ነው፣ ይረጋል። እኛ ስለ መንገዱ እየተጫወትን እሳቸው ምሳ አቀረቡ፤ ሽሮ። የቡራዩው ልጅ አንዴ ጎርሶ አቆመ። እኔ ጎረስኩ። ጣፋጭ ነበር።

እናቱ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩንና፣ «ምነው፣ ቅቤው ሰንብቷል እንዴ?» አሉ።

ልጃቸው ሊመልስ አፉን ሲከፍት እግሩን በእግሬ ረገጥኩት። አልሆነም፤ እኔው ነኝ ቀድሜ በሳቅ የፈነዳሁት። ማር መሆኑ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ከሳህኑ ዳር ቆርሰው ቀመሱ፣ እንደገና ቀመሱ፣ ድስቱን አምጡት አሉ። ሦስታችን እስከ ታች ጠርገን በላነው። ሽማግሌ የላኩት በሳምንቱ ነው።